አራት ጣት

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አራዳ በረንዳ፣
ሰውን በልኩ እንጂ በስሙ የማልረዳ፤
ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ የትከሻ ስፋት፣
ይኸው ነው መዝገቤ፣ የሠላሳ ዓመት ልፋት።
አዛናውን ግና
በሁለት ልክ ነው የማውቀው፦
አንዱ የስምንት ዓመት፣
ሌላው አሁን ያለው።

ያኔ ፊልም ሠሪዎች ከሸገር መጡና
ቁስቋም ሥር ሰፈሩ፣ ካሜራ ጫኑና፤
አንድ ልጅ መረጡ ከትምህርት ቤት ሰልፍ፣
ጥርሱ የተሸረፈ፣ ዓይኑ የማያርፍ።
«ሸሚዝ ስፋልን» አሉኝ፣ «የሙት ልጅ፣ ያደፈ፣
ብብቱ የተተረተረ፣ ክርኑ የተገፈፈ።»
አዲስ አቡጀዴ ሜትር ተኩል ገዝቼ፣
በሻይ ቅጠል ነክሬ፣ በድንጋይ አሽቼ፣
በወግ የሰፋሁትን ቀደድኩት መልሼ።
ለስፌቱ ሃያ ብር፣ ለቅዳዱ ሠላሳ ከፈሉኝ፤
እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

እጥፋት ልተውለት ስል — ልጅ አይደል? ያድጋል —
«ተወው» አለኝ ረዳቱ፣ «እሱ'ኮ ይሞታል።»
ድርሰቱን ነው ያለኝ።
እኔ ግን ልጁን አየሁት፣
እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ ሜትሬ አንገቱ ላይ።

ከካብ ላይ ወደቀ፤ «ድገመው» አሉት፤ ወጣ።
ወደቀ፤ «አላማረም»፤ ወጣ።
ወደቀ፤ «ደመና ገባ»፤ ወጣ።
ሰባት ጊዜ ሞቶ ምሳ ሰዓት መጣ።

የድብድቡን ቀረጻ የሚያሳይ ሰው ነበር፣
ማስተር ጫኔ፣ የአዘዞው፣ የቴኳንዶ መምህር።
ልጁን ከጎን ጠርቶ፣ ሣር ላይ አስተኝቶ፣
«አገጭህን ደብቅ» አለው፣ «መዳፍህን ዘርግተህ
መሬቱን ምታው፣ ሳይመታህ ቀድመህ።»
ዳይሬክተሩ አልሰማም። እኔ ሰምቻለሁ፤
መርፌ ነክሼ ነበር፣ ዝም ብያለሁ።

ፊልሙ ወጣ። ከተማው አለቀሰ።
አዛናው የሚል ስም ከዚያ ቀን ፈረሰ፤
ሽንኩርት ሊገዛ ሲላክ «ቢተው! ቢተው ሙት!» ይሉታል፣
«እስቲ ውደቅልን!»
አንዳንዴም ይወድቅ ነበር፣ ለከረሜላ።
ጢሙ ብቅ ሲል፣ ድምፁ ሲጎረንን፣
የፊልሙ ሰው ሁሉ ረሳው ያን ቢተውን።
እሱ ግን አዘዞ፣ ማስተር ጫኔ በር
ሲሞላለት በታክሲ፣ ሳይሞላ በእግር።

ዛሬ ማራኪ ነው፣ ከቀበሌው አዳራሽ፤
ቆርቆሮው ይነዝራል በሃምሳ ልጅ ጩኸት፦
«ሃና! ዱል! ሴት! ኔት!»
የኮሪያ ቁጥር በጎንደር አንደበት።
ቡጢ አይደለም መጀመሪያ የሚያስተምራቸው፣
ርግጫም አይደለም።
መውደቅ ነው።
ሦስት ወር፣ መውደቅ ብቻ።
ወላጅ ያጉረመርማል፦
«ከፍዬ የላክሁት ሊንከባለል ነው?»

ባለፈው ጥር አንድ ሰው መጣ፣ ካሜራ ያነገተ።
ስለናትን አያት።
ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስትወድቅ እንደ ነጠላ፣
ኮሽ አትልም።
«ይህችን ስጠኝ» አለ፣ «ሁለት ቀን ብቻ፣
ከደረጃ ላይ ትወድቃለች።»
«ስንት ጊዜ?» አለው አዛናው።
«እስኪያምር።»
አዛናው ቀበቶውን ፈታ፣
እንደገና አሰረው፣ ጠበቅ አርጎ።
«አንዴ» አለ። «ቢያምርም አንዴ፣ ባያምርም አንዴ።»
ሰውየው ሄደ፣ ሌላ ልጅ ፍለጋ።
ስለናት ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።
እናቷም አኮረፉ፤ ብሩ ብዙ ነበር።
ልክ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ትናንት ይዟት መጣ፣ ዶቦክ ልትለካ፤
እጇን ዘርግታ ቆመች፣ ሜትሬ ትከሻዋን ነካ።
አሁንም ከንፈሯ እንደተነፋ ነው።
«እጥፋቱን ስንት ልተው?» አልኩት፣
መልሱን እያወቅሁት።
ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አጋደመ፣
አውራ ጣት ሳይቆጠር።
«አራት ጣት።»

«አምስት» አለች ስለናት፣
ወደ ታች እያየችው።